ባሕሩን ያነሳሁበት ጠዋት

ባለፈው ቅዳሜ የእህቴ ልጅ ማህሌት ፒያሳ ካሉት ኬክ ቤቶች በአንዱ ቀጥራኝ፣ ማኪያቶ እየጠጣን ስልኳን ከፊቴ አስቀመጠችልኝ። ለሥራ ጅቡቲ ሰንብታ መምጣቷ ነው፤ በትርፍ ሰዓቷ ባሕሩን ፎቶ አንስታዋለች። ዕድሜዬን በፎቶ ሥራ ስለጨረስኩ በቤተሰባችን ውስጥ የተነሳ ፎቶ ሁሉ እኔ ካላየሁት ያለቀ አይመስላቸውም።

«ምን እንደጎደለው እንጃ፣ አክስቴ» አለችኝ። «እዚያ ቆሜ ሳየው ልቤ ነበር የቆመው። ፎቶው ላይ ግን የታጠበ አንሶላ መስሎ ቀረ።»

«ስንት ሰዓት ላይ ነው ያነሳሽው?»

«ምሳ ሰዓት ላይ። ብርሃኑ ጥሩ ነበራ።»

ሳቄ አመለጠኝ። በእሷ አልነበረም የሳቅሁት። ያንኑ ስህተት በእሷ ዕድሜ ሳለሁ፣ በዚያው ባሕር፣ ትንሽ ወደ ሰሜን ፈቀቅ ብዬ ሠርቼው ስለነበረ ነው።

ያኔ ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር። ከፒያሳ ወደ ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ በሚወርደው መንገድ ላይ፣ ጋሽ መኩሪያ በሚባሉ ሰው ፎቶ ቤት ተቀጥሬ እሠራለሁ። ሥራዬ ጨለማ ክፍል ውስጥ ፊልም ማጠብ፣ ፎቶ ማድረቅና ጠርዙን መቁረጥ ነበር። ጋሽ መኩሪያ ቀጭን፣ ከረባት የማይለያቸው፣ ብዙ የማይናገሩ ሰው ናቸው። ደንበኛውን ከትልልቆቹ መብራቶች ሥር ያስቀምጡና «አገጭ ዝቅ፣ ትንፋሽ ያዝ» ይሉታል፤ ከዚያ በኋላ የሚሰማው የካሜራው ቀጭታ ብቻ ነው። ያን ዓመት አንድ አዲስ ነገር ጀምረው ነበር። ደንበኛ ሲቀመጥ ከጨለማው ክፍል ይጠሩኝና «ነይ እስቲ አንቺ አጥሪው፤ ሥራ ልመጂ» ይሉኛል። እኔም ምስሉ ጥርት እስኪል ሌንሱን አዞራለሁ፤ ማንሳቱን እሳቸው ያነሳሉ። ቁም ነገር ሊያስተምሩኝ ነው ብዬ ደስ ይለኝ ነበር።

ጥምቀት ባለፈ ሰሞን አንድ የመርከብ ዕቃ አስተላላፊ ድርጅት ለግድግዳ ቀን መቁጠሪያ የሚሆን ትልቅ የባሕር ዳርቻ ፎቶ አዘዛቸው። ከአሰብ መምጣት ነበረበት። ሰዎቹ ከወጡ በኋላ ጋሽ መኩሪያ መነጽራቸውን እየወለወሉ «አንቺ ትሄጃለሽ» አሉኝ።

«እኔ? እርስዎስ?»

«ሙቀት አይስማማኝም።»

ከዚያ በላይ አላብራሩም። የራሳቸውን ካሜራ ከነመቆሚያው፣ እያንዳንዳቸው አሥራ ሁለት ምስል ከሚይዙ ሦስት ጥቅል ፊልሞች ጋር ሰጡኝ። «ሰላሳ ስድስት ጊዜ ነው የምትተነፍሺው። አትሩጪ» አሉኝ።

እናቴ «አይሆንም» ብላ ሁለት ቀን አኮረፈች። ነገሩን የፈታው ታናሽ ወንድሟ አጎቴ ለማ ነው። አሰብ እየተመላለሰ ነዳጅ የሚያመጣ የቦቴ ሹፌር ነበር። «እኔ ጋቢና ውስጥ ካለች ቤቷ እንዳለች ቁጠሪው» አላት።

መንገዱ ዛሬም አፍንጫዬ ላይ አለ፤ ጋቢናው ናፍጣና የብርቱካን ልጣጭ ይሸታል። አዋሽ ላይ ሐብሐብ በላን፣ ሚሌ ላይ ከትኩስ ዳቦ ጋር የፍየል ጥብስ። ከሚሌ ወዲያ ምድሩ ጥቁር ድንጋይ ብቻ ሆነ። እኔ አራት ኪሎና ፒያሳ ያደግሁ ልጅ፣ የማውቀው ሰማይ በሁለት ጣሪያ መካከል ያለውን ነበር። እዚያ ግን ሰማዩ ጠርዝ አልነበረውም፤ መጀመሪያ ትንሽ አስፈራኝ። በሁለተኛው ቀን አመሻሽ ላይ ነፋሱ ጨው ጨው ሲል አጎቴ «ይኸው ባሕርሽ» አለኝ።

በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ የመጀመሪያውን ጥቅል ጨረስሁት። ፎቶ ቤት የተማርሁት ብርሃን ሲበዛ ጥሩ እንደሆነ ነው፤ ፀሐዩ አናቴ ላይ ቆሞ ሳየው ጋሽ መኩሪያ መብራታቸውን ሁሉ ያበሩልኝ መሰለኝ። ከሰዓት በኋላ ሁለተኛውን አስከተልሁ። ነፋስ ተነስቶ አቧራ ያለብስ ነበር፣ ግን ውኃው አሁንም ያብረቀርቃል።

ማጠቢያ መድኃኒቱን ይዤ ስለነበር ያረፍንበት ቤት መታጠቢያ ክፍል መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋረድሁት። ውኃው ከቧንቧ ሲወርድ ራሱ ሙቅ ነው፤ እንደዚያ ሆኖ ፊልም አይታጠብበትም። አጎቴ ሮጦ ከዓሣ ነጋዴዎች በረዶ አመጣልኝ። አጥቤ ስጨርስ ሁለቱንም ጥቅሎች ወደ አምፖሉ ከፍ አድርጌ አየኋቸው። ባሕርና ሰማይ ተዋህደዋል፤ ማዕበል የለም፣ ጥላ የለም። ሃያ አራቱም ግራጫ ጨርቅ ነበሩ።

በረንዳው ላይ ተቀምጬ አለቀስሁ። አጎቴ በርበሬ ተቀብቶ በሸክላ ምድጃ የተጠበሰ ዓሣ አምጥቶ ከፊቴ አስቀመጠ፤ አልነካሁትም። እሱ ግን የራሱን እየበላ፦

«ይሄ ባሕር ቀን ላይ ለማንም ፊት አይሰጥም» አለኝ። «ጎህ ሲቀድ የነዳጅ ወረፋ ልይዝ ስወጣ ነው ደህና ሆኖ በጨረፍታ የማየው። የነገ ተራዬ ረፋድ ላይ ነው። ጠዋቱ ያንቺ ነው።»

ጎህ ሳይቀድ ወጣን። ውኃው ወደ ኋላ ሸሽቶ፣ ጀልባዎቹ እርጥቡ አሸዋ ላይ ጋደል ብለው ተኝተዋል። መጀመሪያ ሁሉም ነገር አንድ ዓይነት አመድማ ነበር። መቆሚያውን ተክዬ ጠበቅሁ። ፎቶ ቤት ውስጥ ብርሃን ስንፈልግ ማብሪያውን መጫን ብቻ ነው፤ እዚያ ግን እኔ ነኝ ደጅ የምጠናው። ቀስ በቀስ ከባሕሩ ማዶ አንድ ቀጭን መስመር ነጣ፣ ብርሃኑ በምድር እየተሳበ መጣ፣ አሸዋው ላይ ውኃው የተወው ሽንትር ሁሉ የራሱን ጥላ ያዘ። የጀልባዎቹ ጥላ ረዝሞ እስከ እግሬ ደረሰ። አንድ ዓሣ አጥማጅ መረቡን ትከሻው ላይ አድርጎ በጀልባዎቹ መካከል አለፈ። ብርሃኑ ፊት ለፊቴ ነው፤ ፊልሙ ይቃጠልብኛል ብዬ ፈራሁ፣ ግን አነሳሁ። አሥራ ሁለቱን ለመጨረስ አንድ ሰዓት ያህል ፈጀብኝ።

አጎቴ ከኋላዬ እጁን አጣምሮ ቆሟል። «ዘጠኝ ዓመት እዚህ ስመላለስ ቆሜ አላየሁትም፤ ዓይኔ የፊቴ መኪና ኋላ ላይ ነው» አለ፣ ለራሱ እንደሚናገር።

አዲስ አበባ ተመልሼ የመጨረሻውን ጥቅል አጠብሁ፣ ሁሉንም አተምሁ፣ የተበላሹትንም ጭምር። ጋሽ መኩሪያ ፎቶዎቹን ተቀብለው ወደ መስኮቱ ሄዱ። አንዱን አነሱ፣ ወደ ፊታቸው አስጠጉ፣ አራቁት፣ እንደገና አስጠጉት። «ጥሩ ነው» አሉ። «ውኃው ሕይወት አለው።»

የያዙት ከተበላሹት አንዱ ነበር። እሱም ተዘቅዝቆ።

ምስል አጥሪ እያሉ የሚጠሩኝ፣ መነጽራቸውን ሁልጊዜ የሚወለውሉት፣ ሙቀት አይስማማኝም ያሉት፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ገባኝ። ዝም ብል ሃያ አራቱን ያበላሸሁትን ማንም አያውቅብኝም ነበር፤ ደህናዎቹን መርጬ «የወጣልኝ ይሄ ነው» ብል ያበቃል። ያን ሐሳብ አላሰብሁትም ብል ዋሸሁ።

«ጋሼ» አልሁ፣ «የያዙት የተበላሸ ነው። ሁለት ጥቅል አበላሽቻለሁ። ደህናው አንዱ ጥቅል ብቻ ነው።»

ፎቶውን ቀስ ብለው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። ሄደው በሩን ዘጉና ተመልሰው ተቀመጡ።

«ከመቼ ጀምሮ አወቅሽ?»

«አሁን ነው።»

«የዓይን ሞራ ነው» አሉ። «ሐኪሙ ቢላ ይነካዋል አለኝ። ፈራሁ። ዓይኑ የጠፋ ፎቶ አንሺ ዘንድ ደግሞ ማን ይመጣል?» ከዚያ ወንበር ሳብ አደረጉልኝ። «በይ ተቀመጪና ደህናዎቹን አንድ በአንድ ንገሪኝ።»

ነገርኋቸው። እንደዚያ ቀን ፎቶ አይቼ አላውቅም። «ጥላው ወዴት ወደቀ?» ይሉኛል፤ «ወደ እኔ» እላለሁ። «ሰውየው ከጀልባው ስንት እርምጃ ይርቃል? ፊቱ ይታያል? አሸዋው ከሰማዩ ይጠቁራል?» ያልተጠየቅሁትን ሁሉ እንድመለከት አደረጉኝ። ሰባተኛው ላይ ስደርስ እጃቸውን አነሱ። «ይሄው ነው። ይሄንን አትሚው።»

ድርጅቱ ሰባተኛውን ወሰደ። እኔ ግን የሞራውን ነገር አልተውሁትም። ሦስት ሳምንት በየጠዋቱ ነዘነዝኋቸው። «ፎቶ ቤቱ አይዘጋም፣ እኔ አለሁ» እያልሁ ቀኝ ዓይናቸውን እንዲታከሙ ሆስፒታል ድረስ ይዣቸው ሄድሁ። የተኙ ጊዜ መብራቶቹን እኔ አበራሁ፣ «አገጭ ዝቅ» አልሁ፣ ሰዉም ዝቅ አደረገ።

ፋሻው ተፈትቶላቸው ወደ ፎቶ ቤቱ የመጡት አንድ ሰኞ ረፋድ ላይ ነው። ቀን መቁጠሪያው ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ነበር። አልተቀመጡም፣ ኮፍያቸውን አላወለቁም፤ ቀጥ ብለው እሱ ፊት ሄደው ቆሙ። እኔ ጨርቅ ይዤ ምንም የሌለበትን ባንኮኒ እጠርጋለሁ። ቆዩ። በጣም ቆዩ።

«ባሕሩ ወደ ግራ ሊፈስ ነው» አሉ።

ቀርቤ አየሁት። እውነታቸውን ነው፤ አድማሱ አዘንብሏል። አሸዋው ላይ መቆሚያውን ስተክል አንዱ እግሩ ሰምጦ ኖሯል። ያን ያህል ቀን ሳየው አልታየኝም ነበር፣ ያዘዙትም ሰዎች አላዩትም።

«በሚቀጥለው ጊዜ ከእግሩ ሥር ጠፍጣፋ ድንጋይ አድርጊ» አሉኝና ኮፍያቸውን አወለቁ።

ከዚያ ወዲህ ሕይወቴን ሙሉ ፎቶ አንስቻለሁ፤ ላንጋኖን፣ ጣናን፣ ሐዋሳን በየሰዓቱ አንስቻቸዋለሁ። ያመሰገኑኝ ሰዎች የተናገሩትን አብዛኛውን ረስቼዋለሁ። ያን «በሚቀጥለው ጊዜ» ያሉትን ግን አልረሳሁም። ጨለማ ክፍል ውስጥ ጠርዝ ለምትቆርጥ ልጅ ማንም እንደዚያ ብሎ አያውቅም ነበር። ሰውየው ዓይናቸው እንደተመለሰላቸው ሥራዬን አይተው ጥፋቴን ነገሩኝ፤ ፎቶ አንሺ መሆኔን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። ዛሬ እንደ ማህሌት ሥራቸውን ይዘውልኝ ለሚመጡ ወጣቶች ጥፋታቸውን ሳልሸፍን የምነግራቸው ለዚህ ነው። አንዳንዶቹ ፊታቸው ይጠቁራል። አብዛኞቹ ግን በሳምንቱ ሌላ ይዘው ይመጣሉ።