በያጁና የእማማ ደረጃ

በኩላሊት እጥበት ክፍል ዘጠኝ ዓመት የሠራሁ ነርስ ነኝ። ክፍሉ ውስጥ ስድስት ወንበሮችና ስድስት ማሽኖች አሉ፤ ሕመምተኛው በሳምንት ሦስት ቀን እየመጣ አራት አራት ሰዓት ይቀመጥባቸዋል። ብዙ ሰው አይቻለሁ። እንደ በያጁ ግን ያስቸገረኝም፣ ያስተማረኝም የለም።

በያጁ የብረት በርና መስኮት ሠሪ ነበር። አንድ ሙሉ በር ብቻውን ተሸክሞ ሲሄድ ያየው የሰፈሩ ሰው "ብረቱ" ብሎ ስም አወጣለት። በአርባ ሦስት ዓመቱ ኩላሊቱ ከዳው። መርፌ የሚሰካበት ግራ ክንዱ ከእንግዲህ ከባድ ነገር እንዳያነሳ ሐኪሙ ሲነግረው፣ "እንግዲያው ቁረጡትና ውሰዱት" ብሎ ወጣ። ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው ይባላል፤ ለእሱ ማጭድም አላስፈለገው፣ ምላሱ በቂ ነበር። አብሮት የሚሠራውን ታናሽ ወንድሙን "ሞቴን ነው የምትጠብቀው" ብሎ ከሱቁ አባረረው። እኛንም መርፌ በሰካን ቁጥር ይሰድበናል።

ከጎኑ የሚቀመጡትን ሴት ሁላችንም እማማ እንላቸዋለን። ዕድሜያቸውን በሆቴል ልብስ ሲያጥቡ የኖሩ፣ ሰባ ያለፋቸው ቀጫጫ ናቸው። ማሽኑ ሲጀምር ዓይናቸውን ጨፍነው ለእያንዳንዳችን ይጸልያሉ፤ የጽዳት ሠራተኛዋ የሚያማት ጉልበት እንኳ አይቀርም። አንድ ቀን "ለዚህ ለተቆጣው ልጄም" ሲሉ በያጁ ሰማቸው።

"እኔን ይተዉኝ እማማ" አለ። "ቤተ ክርስቲያን የገባሁት አንዴ ነው፤ እሱም በር ልገጥም።"

"ታዲያ ጥሩ አድርገህ ገጠምከው?"

"አዎ።"

"እንግዲያው ባለቤቱ ያውቅሃል" አሉት። ከእሱ በቀር ክፍሉ በሙሉ ሳቀ።

የዚህ በሽታ ክፉው ጥሙ ነው። የጠጡት ውሃ መውጫ ስለሌለው በቀን ከሁለት ብርጭቆ አይታለፍም። በበጋው ሐሩር አንድ ቀን ብረቱ ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ መጣ። ውሃ ስከለክለው፣ "አምላክ ካለ፣ ሰውን በውሃ ጥም ማቃጠል ምን ይጠቅመዋል?" አለኝ።

እማማ ዓይናቸውን ገለጡ። "ለምን እንደሆነ እኔም አላውቅም ልጄ። የማውቀው፣ ክርስቶስም መስቀል ላይ ሳለ ውሃ ጠምቶት ነበር። ጠማኝ ብሎ አፍ አውጥቶ ተናግሯል። ስለዚህ ጉሮሮዬ ሲደርቅ ለማን እንደምነግር አላጣም።"

በያጁ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ትከሻው ሲነቃነቅ አየሁና ሌላውን ማሽን የማስተካክል መስዬ ጀርባዬን ሰጠሁት። ከዚያ ወዲህ ስለ ክርስቶስ እማማን እየደጋገመ ይጠይቃቸው ጀመር፤ አዲስ ሙያ እንደሚማር ሰው፣ ነገሩን ከሥሩ።

ከሁለት ወር በኋላ እማማ ቀሩ። ስንደውል ጎረቤታቸው አነሳች። ቤታቸው ሦስተኛ ፎቅ ነው፤ ደረጃው መደገፊያ የለውም። ወድቀው ጎናቸው ስለተመታ መውረድ ፈርተዋል። በያጁ መርፌው እንደተነቀለለት ወደዚያው ሄደ።

"ሁለተኛው ፎቅ ላይ ትንፋሽ አጥሮኝ ተቀመጥኩ" ብሎ አጫወተኝ በኋላ። "ሲስተር፣ እኔ እኮ እንዲህ ዓይነቱን ደረጃ በር ተሸክሜ ነበር የምሮጠው። በሕይወቴ መጀመሪያ ጊዜ የጸለይኩት እዚያ ነው።"

"ምን ብለህ?"

"'ንግግር አልችልበትም። ጉልበቴ አልቋል፤ የተረፈችውን አንተ እዘዝባት' አልኩት።"

በዚያው ዕለት ጎረቤቶቹን አስተባብሮ እማማን በወንበር አስወርዶ አመጣቸው። በማግሥቱ ወንድሙ ጋ ደወለ። "ብረት የሚያነሳልኝ ክንድ የለኝም። ደግሞም በድዬሃለሁ፤ ይቅር በለኝ" አለው። ወንድሙ የብረት መጋዙን ይዞ መጣ። አንዱ ይለካል፣ ይበይዳል፤ ሌላው ይቆርጣል፣ ይሸከማል። እጥበት በሌለባቸው ቀናት ብቻ እየሠሩ፣ በእማማ ደረጃ ላይ ከምድር እስከ ሦስተኛ ፎቅ መደገፊያ ዘረጉ። በያጁ ለእማማ ቁመት እንዲመች ዝቅ አድርጎ ሠራው፤ እጃቸውን እንዳይቧጭርም ብየዳውን በሞረድ አለሰለሰው።

እማማ ከላይ እስከ ታች እየዳሰሱት ወረዱ። "እንግዲህ ሬሳዬንም ስታወርዱ አትደናቀፉም" አሉ። ወንድማማቾቹ ሳቁ፤ ብረቱ ግን ዓይኑን በእጅጌው ሲጠርግ ነበር አሉ።

ወሬው በክፍላችን ተሰማ። ሁለቱ በየሕመምተኛው ቤት እየዞሩ፣ ለአንዱ መጸዳጃ ቤት መያዣ፣ ለሌላው ደጃፍ ላይ መደገፊያ ሲሠሩ ከረሙ። እሑድ እሑድ አብረው ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ። እማማ አሥራ አራት ወር ኖረው አረፉ። ብረቱ አልዳነም፤ ዛሬም በሳምንት ሦስት ቀን ይመጣል።

"አይከፋህም?" አልኩት አንድ ቀን።

"ይከፋኛል እንጂ። ሲከፋኝ እነግረዋለሁ።"

ባለፈው ሳምንት አንዲት አስተማሪ ለመጀመሪያ ጊዜ መጥታ እንባዋን ማቆም አቃታት። በያጁ ወንበሩን አስጠጋ። "አይዞሽ እህቴ" አላት ወደ እኔ እያመለከተ፤ "የዚህችኛዋ ነርስ እጅ ቀላል ነው። የዚያኛዋ ተራ ሲደርስ አብረን እንጸልያለን።"

አስተማሪዋ በእንባዋ መሀል ሳቀች። ስሟን ጠየቃት፤ ዓይኑንም ጨፈነ።