መምህርህን ሳትጠራ አትምታ

ሥርዓቱን ያወጣው ማን እንደ ሆነ በእርግጠኝነት አላውቅም። ለብዙ ዓመታት የአክስቴ ልጅ ነው እያልሁ ስናገር ኖሬአለሁ፤ በእምነትም ነበር የምናገረው። በኋላ ግን ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ስለ ምስክር ቃልና ስለ መዘንጋት የሚያትት ትምህርት ስከታተል፣ ያችን ዐረፍተ ነገር በልቤ ስደግማት የምሰማው ድምፅ የእሱ ሳይሆን የእኔ መሆኑን አስተዋልሁ። «ከእኛ የተማረ ሰው የመምህሩን ስም ሳይጠራ ማሲንቆ እንዳይመታ፤ ከተማረውም አንዲት ቃል እንዳይጥል።» ከዚያ ቀን ወዲህ እርግጠኛ ሆኜ አላውቅም።

አራት ነበርን፤ ሁላችንም ሃያ አምስት ዓመት አልሞላንም። የአክስቴ ልጅ ዋናውን ማሲንቆ እየመታ ይዘፍናል፤ እኔ በሁለተኛው ማሲንቆ እከተለዋለሁ፤ ሚስቱ ክራር ትመታለች፤ አራተኛው የቅኔ ትምህርቱን አቋርጦ ከዲማ የመጣ በገና ደርዳሪ ነው። የምንኖረው ደብረ ማርቆስ ዳር፣ ሁለት ቤትና አንድ ትልቅ ወይራ ባለበት ግቢ ነበር። በገና የጾምና የጸሎት መሣሪያ ስለሆነ ሠርግ ላይ ልንደረድረው አንደፍርም፤ ኀዘን ያለበት ዘፈን ስናወጣ ግን ከማሲንቆው ጋር እናስማማዋለን። ሽማግሌዎች በዚህ ይቆጡ ነበር። አንዱ አባት «የዳዊትን በገና ከአዝማሪ እንጨት ጋር አዋልከው!» ብለው ሲገሥጹት፣ ባለበገናው ጎንበስ ብሎ «አባቴ፣ እኔ ምን ላድርግ? እነሱ ናቸው የተጠጉኝ» ብሎ እንደ መለሰላቸው አልረሳም። ይህን አልረሳም ስል ግን በኋላ ሲያወራው ሰምቼም ይሆናል።

ዘፈን የምናወጣው አራታችንም ተቀምጠን ነው። አንዱ ስንኝ ይጥላል፤ ሌላው ያነሣዋል፤ ከአራታችን አንዳችን አይሆንም ብሎ ራሱን ከነቀነቀ ስንኙ ይወድቃል። ስለዚህም አንድ ዘፈን ሳምንት ይፈጅብን ነበር። ይህን ያህል የለፋንበትን ዜማ ደብረ ኤልያስና ሮብ ገበያ ያሉ ዘፋኞች «የራሳችን ነው» እያሉ እንደሚዘፍኑት ስንሰማ ልባችን ቆሰለ። ሥርዓቱ የወጣው ያን ጊዜ ነው። የወጣትነት ኩራት ነበር፤ ሌላ ምክንያት አልነበረውም።

ጣሊያን ከገባ በኋላ ሠርግ ቀንሶ ስለነበር ይበልጥ ወደ ማስተማሩ አዘነበልን። ሊማር የሚፈልግ ሰው ለክሩና ለመምቻው የሚሆን የፈረስ ጭራ ይዞ ይመጣል፤ መጀመሪያ የምናስተምረው ጭራውን ማጠብና ማበጠር ነው። በሁለተኛው ክረምት አንድ ከሰዓት በኋላ ከጣሊያኖች ካምፕ የመጣ የአገር ሰው ወታደር፣ በእኛ አነጋገር ባንዳ፣ ንጹሕ ነጭ ጭራ ይዞ በራችን ላይ ቆመ። ጠመንጃውን ከግንቡ አስደግፎ «ማሲንቆ ልማር ነው የመጣሁ» አለ።

ባለክራሯ ከተቀመጠችበት ሳትነሣ «ጠመንጃህስ? እሱም ሊማር ነው?» አለችው።

«እሱማ ከእኔ በፊት ዘፈን ያውቃል፣ እቴ።»

«ድምፁን ሰምተነዋል። አልወደድነውም።»

ሰውዬው ሳቀ፤ እሷ አልሳቀችም። ባሏ ግን የእንግዳውን እጅ ይዞ ጣቶቹን አንድ በአንድ ያያቸው ነበር። ሰውዬው ከሄደ በኋላ «ባንዳ ልታስተምር ነው?» ብላ ስትነሣበት፣ «ጣቱን አየሽው? እንዲህ ያለ ጣት ያለውን ሰው ተመለስ አልለውም» ብሎ ዘጋት።

ሰውዬው ጎበዝ ነበር። የአክስቴን ልጅ «የኔታ» እያለ ይጠራው ጀመር፤ በዕድሜ ግን ሳይበልጠው አይቀርም። ባለበገናው ይህን በሰማ ቁጥር ሆዱን ይዞ ይስቃል።

«አንተ ሰው፣ የኔታ የሚባለው እኮ ዜማና ቅኔ የሚያስተምር ነው። ይኼ አዝማሪ ነው!»

«ለእኔ ፊደሌ ይኼ ነው» ይላል ሰውዬው፤ ዓይኑን ከመምህሩ ጣት ላይ አያነሣም።

በዚያው ዓመት የጎረቤታችን የአንዲት መበለት ልጅ አርበኞችን ተከትሎ ወደ ጮቄ ተራራ ሄደ። ሴትዮዋ ከዚያ ወዲህ በሯን መዝጋት ተወች። አራታችን ስለ እሷ ያወጣነው ዘፈን ከሥራችን ሁሉ የሚበልጥ ይመስለኛል፤ መጀመሪያው እንዲህ ይላል፦

በር አትዝጊ እናቴ፣ ማታ አትቀርቅሪ፤
ዱር የገባው ልጅሽ ይመጣል፣ አትፍሪ።

የምንዘፍነው እቤታችን ውስጥ ብቻ ነበር። የአክስቴን ልጅ ግን አንድ ቀን ይህንኑ ዘፈን ለወታደሩ ማስተማር ሲጀምር አገኘሁት። ሰውዬው ወደ ካምፑ ሲመለስ «ይኼንንም ለእሱ?» አልሁት። «ተማሪን ከተማሪ አለይም» አለኝ። አልተከራከርሁትም። እንዲያውም፣ ባልሳሳት፣ ሰውዬው ዘፈኑን ከእኔ አሳምሮ ስለያዘው ቀንቼ ነበር።

ከዚያ የሆነው የሚከተለው ነው። ጣሊያኖቹ አንድ በዓላቸውን ሲያከብሩ ወታደሮቻቸውን እየተነሣችሁ ተጫወቱልን አሏቸው። ሰውዬው ማሲንቆውን ይዞ ተነሣ፤ በተማረው ሥርዓት መሠረት አስቀድሞ የመምህሩን ስም ከነአባቱ ጠራ፤ ቀጥሎም ከሚያውቀው ሁሉ የሚወደውን ዘፈነ። ቃል አልጣለም። አስተርጓሚው ለሹማምንቱ አንድ በአንድ ተረጎመላቸው። ለምን ያንን ዘፈን መረጠ? ጠጥቶ ነበር ያሉ አሉ። እኔ ግን ዘፈኑ ምን እንደሚል የረሳ ይመስለኛል፤ ማሲንቆ የሚወድ ሰው ቃሉን አፉ ላይ እንደያዘ ትርጉሙን የሚረሳበት ጊዜ አለ።

በማግስቱ ረፋዱ ላይ የሰፈሩን ሰው ሁሉ ካምፑ ፊት ለፊት ሰበሰቡት። ሰውዬው ሸሚዙ በጅራፍ ተተልትሎ፣ እጁ የኋሊት ታስሮ ቆሟል። ባለክራሯ የስምንት ወር ነፍሰ ጡር ስለነበረች ባሏ እቤት ትቷት መጥቷል። አስተርጓሚው፣ እሱም የአገር ልጅ ነው፣ የአክስቴን ልጅ ወደ መሐል ጠራው።

«ይህ ሰው ስምህን ጠርቷል። ዘፈኑን ያወጣኸው አንተ ነህ ወይስ እሱ ራሱ? እሱ ከሆነ ዛሬውኑ ይሰቀላል።»

የታሰረው ሰው ድንገት ጮኸ፦ «አላውቀውም ይበሉ፣ የኔታ! አላውቀውም ይበሉ!»

የአክስቴ ልጅ ወደ እኛ ዞረ። ዞረ ብዬ የምጽፈው እንዲያ ስለማየው ነው፤ ላይዞርም ይችላል። ከዚያ «ተማሪዬ ነው። ዘፈኑም የእኔ ነው» አለ።

የእኔ ነው አለ እንጂ የእኛ ነው አላለም። ባለበገናው ከጎኔ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ሲራመድ የጋቢውን ጫፍ ጨምድጄ ያዝሁት። የያዝሁት እሱን ለማትረፍ እንደሆነ ለራሴም ለሰውም ተናግሬአለሁ። ዛሬ ግን፣ ሰው በዚህ ዕድሜ መዋሸት ካላስፈለገው፣ የያዝሁት «የእኛ ነው» እንዳይል ነው። እሱ ያን ቃል ቢናገር እኔም መሐል መግባቴ አይቀርምና። የወይና ደጋው ፀሐይ አናቴን ሲያነደኝ፣ ጋቢው እጄ ውስጥ ሲረጥብ ይሰማኛል። ጋቢውን ግን አልለቀቅሁም።

የአክስቴን ልጅ በካሚዮን ጭነው ወሰዱት። የት እንዳደረሱት የሚናገር ሰው አልተገኘም፤ አስከሬንም አልተመለሰልንም። ሰውዬውን ገርፈው ከነነፍሱ ለቀቁት። ባለክራሯ በወሩ ሴት ልጅ ወለደችና እናቷ ዘንድ ደብረ ኤልያስ ገባች። ባለበገናው ወደ ዲማ ተመልሶ መነኰሰ፤ ለእኔም አንድ ቃል ሳይናገረኝ እዚያው አረፈ። እኔ ማሲንቆዬን ዳግመኛ አልነካሁም። ጣሊያን ሲወጣ ተማሪ ቤት ገባሁ፤ ከዚያም ዩኒቨርሲቲ።

ተመርቄ ከአዲስ አበባ ስመለስ ባለክራሯን ልጠይቃት ደብረ ኤልያስ ሄድሁ። ጠጉሯ ሸብቷል፤ ልጇ ለአቅመ ሔዋን ደርሳለች። ብዙ ከተጫወትን በኋላ ያንን ሥርዓት ማን እንዳወጣው ጠየቅኋት።

«አንተ ነሃ!» አለች ሳታመነታ። «እሱማ ምን ቸገረው። ዜማችንን ሰረቁን ብለህ እህል አልቀምስም ያልከውስ?» ፈገግ አለች፤ ቂም አልነበረባትም። ያ ይበልጥ ጎዳኝ። እሷም ተሳስታ ሊሆን እንደሚችል ለማሰብ ሞከርሁ፤ አልቻልሁም።

«ይልቅ አንተ የተማርህ ሰው ነህ፤ ዘፈኑን ጻፍልኝ» አለችኝ። «ልጄ ‹አባቴ የሞተበት ዘፈን ምን ይላል?› እያለች ትጠይቀኛለች። እኔ ከሁለቱ ስንኝ አላልፍም።»

ብዕሬን አውጥቼ ሁለቱን ስንኝ ጻፍሁ። ሦስተኛው አልመጣ አለ። እሷ ዜማውን በአፏ ብታዜምልኝም አልመጣም። አንድ ሳምንት ሙሉ አራታችን ራሳችንን እየነቀነቅን ያወጣነው ዘፈን ለሁለታችን ከሁለት ስንኝ በላይ አልተረፈልንም።

«ከእኛ ሌላ የሚያውቀው ሰው የለም?» አለች።

«የለም» አልኋት።

ዋሽቻታለሁ። ነጻነት በተመለሰ በዓመቱ ለጉዳይ ሮብ ገበያ ወርጄ ሳለ፣ እህል ተራው ጫፍ ላይ ማሲንቆ የያዘ ጎስቋላ ሰው ከተቀመጠበት ተነሥቶ እጅ ነሣኝ። ወዲያው ለየሁት፤ የአክስቴ ልጅ ተማሪ የነበረው ያ ባንዳ ነው። «ጌታዬ፣ እንደ ምን ሰነበቱ?» አለኝ። ከዚያ በፊት «ጌታዬ» ብሎኝ እንደማያውቅ አስታውሳለሁ። ፊቴን አዙሬ አለፍሁት። ጥቂት እንደ ተራመድሁ ከኋላዬ ማሲንቆው ተቃኘ፤ ሰውዬውም ድምፁን ከፍ አድርጎ የአክስቴን ልጅ ስም ከነአባቱ ጠራ። ቀጥሎ የሚመጣውን ስለማውቅ፣ ሳልሰማው ከገበያው ልወጣ እርምጃዬን አፈጠንሁ።