የጥርስ መድኃኒት ፍለጋ ወደ ቡልቡላ

ቅዳሜ ጠዋት ከአዳማ ስንነሳ ሦስት ነበርን፤ ዶክተር ሰላማዊት፣ ሾፌሩ ጋሽ ተፈራና እኔ። ዶክተር መድኃኒት በሰውነት ውስጥ እንዴት እንደሚሠራ የሚያጠኑ ተመራማሪ ናቸው። እኔ በቤተ ሙከራቸው ጠርሙስና ብርጭቆ አጥባለሁ። ከስድስተኛ ክፍል በላይ አልተማርኩም፤ ሰው ፊት ማውራትም አይሆንልኝም። የጉዞው ምክንያት ግን እኔ ነኝ። አንድ ቀን ስለ ሕመም ማስታገሻ ሲያወሩ ሰምቼ፣ «አክስቴ ለጥርስ የምትሰጠው ሥር አለ፤ አፍ ያደነዝዛል» የሚል ቃል አመለጠኝ። ወዲያው ራሷን ልጠይቃት አሉ። እኔ ደግሞ ከኦሮምኛ ላስተረጉም።

ሞጆን አልፈን አሮጌውን መንገድ ያዝን። ሽንኩርት የጫኑ አይሱዙዎች እየተሽቀዳደሙ ያልፉናል።

«ዶክተር፣ ይቺ ሥር ምን ብታደርግ ነው ይህን ሁሉ መንገድ?» አሉ ጋሽ ተፈራ።

«በነርቭ ሕዋሶቻችን ላይ በጣም ትናንሽ በሮች አሉ፤ አዮን ቻናል ይባላሉ። ጥርስዎን ሲያምዎት ይከፈቱና ጨው ይገባል። ሕመሙ ወደ አንጎል የሚሄደው እንደዚያ ነው። በሩን የሚዘጋ ተክል ሲገኝ ደግሞ ሕመሙ ይቆማል።»

«የሚስቴን አፍ የሚዘጋ ካገኙ ይንገሩኝ!»

«እሷም ለእርስዎ አዝዛኝ ይሆናል።»

ተሳሳቁ። እኔ በሩ ተዘግቶ ይቀር እንደሆነ መጠየቅ ፈልጌ አፈርኩ።

ዓለም ጤናና ባቱ

ዓለም ጤና ላይ ጎማ ለማስነፋት ቆምን። የመንገዱ ዳር በሽንኩርት ጆንያ ተሞልቷል፤ ሽታው ዓይን ያቃጥላል። መቂን አልፈን ባቱ ስንደርስ ከሐይቁ የወጣ አሳ ተጠብሶ ከዳጣ ጋር ቀረበልን። ጋሽ ተፈራ አጥንቱን ብቻ አስቀሩ። እኔ ድርሻዬን ወደ እሳቸው ገፋሁ።

ለዶክተር ያልነገርኳቸው ነገር ነበር። አዳዳ፣ የአባቴ እህት ማለቴ ነው፣ ሥሩን ጎህ ሳይቀድ ትቆፍራለች። ማንም እንዳያውቀው ወቅጣ ነው የምትሰጠው። የወሰደ ሰው ምን እንደሆነ አይጠይቅም። ዕውቀቱ ለአንድ ሰው ብቻ ነው የሚተላለፈው፤ እሷም ከእናቷ ተቀብላዋለች። እኔ የማውቀው እሷ ጋ ስላደግኩ ነው። እንደማትናገር እየገመትኩ፣ «ይቅርብን» ለማለት አፍሬ መኪና ላይ ወጣሁ።

ቡልቡላ

ቤቷ ከከተማው ጫፍ፣ በቁልቋል አጥር ውስጥ ነው። «አካም ጅርቱ?» ብላ ሦስታችንንም ሳመችን፤ እርጎም አቀረበች። ዶክተር በትሕትና ጠየቁ። እኔ መሬት መሬት እያየሁ አስተረጎምኩ። አዳዳ ሳቀች።

«ይህን ሁሉ ተምረው እኔን ይጠይቁኛል? ያመመው ሰው ይምጣ፣ እሰጠዋለሁ። የትኛው እንደሆነ ግን አልናገርም። ከተነገረ ኃይሉ ይሄዳል።»

ዶክተር ስሟ እንደሚጻፍ፣ ጥቅም ከተገኘም ድርሻ እንደሚኖራት አስረዷት። ራሷን በእምቢታ ነቀነቀች። የዶክተር ፊት ሲጠወልግ አየሁ። ብዙ የለፉበት ሥራ ቆሞባቸው እንደነበር አውቃለሁ፤ አሳዘኑኝ። ያኔ ሳላስበው ዓይኔ ወደ አጥሩ ሥር ሄደ። ዶክተርም ዓይኔን ተከትለው ዞሩ። አዳዳ ሁለታችንንም አየችን።

«ለሊሴ» አለችኝ ቀስ ብላ። «አንቺ?»

ዓይኔን ወደ እርጎው መለስኩ።

«እኔ እኮ ሲደክመኝ ለማን እንደምሰጠው ወስኜ ነበር።»

ለማን እንደሆነ አልነገረችኝም፤ መንገርም አላስፈለጋትም።

ስንወጣ እንደ ልማዳችን ልትመርቀን ተነሳች። ለዶክተር እጇን ዘርግታ ረጅም ዕድሜ ተመኘችላቸው። ጋሽ ተፈራን መንገዱ ይቅናዎት አለቻቸው። እኔ አንገቴን ደፍቼ ስጠብቅ እጇን ነጠላዋ ውስጥ ከታ፣ «በሉ እንዳይመሽባችሁ» አለች።

መመለስ

መኪናው ውስጥ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ አለቀስኩ።

«ተክሉን አይቼዋለሁ» አሉ ዶክተር። «ግን ካልፈቀዱ ቅጠሉንም አልነካም። እንዲህ ዓይነት ልማድ እንዳለ ለምን ቀድመሽ አልነገርሽኝም?»

«አፍሬ ነው» አልኩ።

«አሁንስ?»

አሁንማ የባሰ ነበር። ሥራቸው የተቋረጠባቸው ባዕድ ሰው የጠበቁትን፣ እኔ የሥጋ ዘመዷ አልጠበቅኩም። ጋሽ ተፈራ እስከ ሞጆ አንድ ቀልድ አልቀለዱም። አዳማ ስንገባ ባጃጆቹ መብራት አብርተው ነበር።

ዝምተኛ ስለሆንኩ ምስጢር ጠባቂ ነኝ ብዬ አምን ነበር። አይደለሁም። መናገር በሚገባኝ ጊዜ ዝም አልኩ፤ መደበቅ በሚገባኝ ጊዜ ደግሞ ዓይኔ ተናገረ። የተክሉን ስም እዚህ ያልጻፍኩትም ለዚህ ነው።

እሑድ ከሰዓት ደወልኩላት።

«አዳዳ፣ ይቅር በይኝ።»

«ደህና ገባችሁ? ሥራሽ ደህና ነው?»

«ደህና ነው።»

«አጥሩ ሥር የነበረውን ነቅዬ ሌላ ቦታ ተክዬዋለሁ» አለችኝ።

የት እንደሆነ አልጠየቅኳትም።