ወፉ መች ሰማ

አላህ ይዘንላቸውና አያቴ፣ መንገድ ተዘጋ በተባለ ቁጥር የግድግዳውን ካላንደር እያዩ «ዛሬ ምን ቀን እንደሆነ ታውቂያለሽ?» ይሉኝ ነበር። መልሴን አይጠብቁም።

«መስከረም ሁለት። ያ ሁሉ መኪና የነበራቸው ንጉሥ በትንሿ ቮልስዋገን ተጭነው ከቤተ መንግሥት የወጡበት ቀን ነው። እኔ ያን ቀን ጨፋ ሜዳ፣ ማማ ላይ ሆኜ ከማሽላው ወፍ አባርር ነበር። ንጉሥ ሲወርድ ወፉ መች ሰማ? አብሽሪ፣ ይሄም ያልፋል።»

የካቲት ሃያ አምስት ሲሆን ደግሞ መሬት ለአራሹ የታወጀበት ቀን ነው ይሉና፣ ለባለመሬቱ የጫኑትን እህል ከነአህያው ከመንገድ እንዴት እንደመለሱት እየሳቁ ያወሩልኛል። ወሬው ሳያልቅ ጭንቀቴ ይለቀኛል።

ዛሬ ወንድሜ ከአዲስ አበባ ወደ ከሚሴ እየመጣ ነው። ሸዋሮቢት ደረስኩ ብሎ ደውሎ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ስልኩ አይሠራም። እናቴ «ያ ረቢ» እያለች ሚኒባስ ባለፈ ቁጥር ወደ በር ትወጣለች። እኔ አያቴ ይቀመጡበት ከነበረው መደብ አጠገብ ቆሜ ካላንደሩን አያለሁ። በዚህ ቀን ድሮ ምን ሆኖ እንደነበር ሳልጠይቃቸው ቀረሁ። ስለ ዛሬ የማውቀው፣ ገና አለማለፉን ብቻ ነው።