አጎቴ በኪሱ ያስቀረው ወረቀት

እሑድ ነበር። ቶልቱ እስከ መኪና መንገዱ ሸኘችኝ። እኔ ነቀምቴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ አሥረኛ ክፍል ነበርኩ። ቅዳሜ ወደ ጉቴ፣ ወደ ቤታችን እሄዳለሁ፤ እሑድ ከሰዓት እመለሳለሁ። እህቴ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። አዲስ አበባ ታክማ ከተመለሰች አራት ወር ሆኗታል። የተላጨው ፀጉሯ በቅሎ ከጆሮዋ በላይ ያለውን ጠባሳ ሸፍኖታል። ከጠባሳው ጀምሮ፣ ከቆዳዋ ሥር፣ በአንገቷ በኩል ወደ ሆዷ የሚወርድ ቀጭን ቱቦ ነበራት። የሰፈር ልጆች «እስቲ አስነኪን» ሲሏት አንገቷን ዘንበል ታደርግላቸዋለች።

«ለጉቴ ገና ቧንቧ አልገባላትም» ትላቸዋለች፤ «ለእኔ ግን ገብቶልኛል።»

መኪና ስንጠብቅ፣ «ጠዋት ጠዋት ራሴን ያመኛል» አለችኝ። «ከተነሣሁ በኋላ ይተወኛል።»

«ፀሐይ ነው» አልኳት። «ሻሽ እሰሪበት።»

«ሳልነሣ ምን ፀሐይ አለ? አሥረኛ ክፍል የሚያስተምሩህ ይህንን ነው?»

ሳቅን። መኪናው መጣ። ሄድኩ።

ይህን የምጽፈው ይህ ሕመም ቤታቸው ለገባ ሰዎች ነው። ስለዚህ ወደ ኋላ ልመለስ። ጽሑፍ ብዙም አልችልበትም፤ እንደሆነው አድርጌ እነግራችኋለሁ።

ከዚያ እሑድ ሰባት ወር ቀደም ብሎ ቶልቱን ማጅራት ገትር ይዟት ነበር። ነቀምቴ በመርፌ ተረፈች። ሁለት ወር ያህል ቆይቶ ግን አረማመዷ ተበላሸ። ጠዋት ከእንቅልፏ ስትነሣ ያስመልሳታል። ብርጭቆ ሲሰጧት ከብርጭቆው ጎን ያለውን አየር ትጨብጣለች። መልሰን ወሰድናት። ያያት ድሬሰር አንጎሏ ውስጥ ፈሳሽ ሳይጠራቀም አልቀረም፣ ይህ የሚታከመው አዲስ አበባ ነው አለን። ድሬሰሩን አመሰግነዋለሁ። እውነቱን ሳይደብቅ የነገረን እሱ ብቻ ነው።

አባታችን ሞቷል። እናቴ ከእሱ የቀረላትን ልጅ አርግዛ ነበር። እኔ ፈተና ላይ ነበርኩ። ስለዚህ ቶልቱን የወሰዳት የእናቴ ታላቅ ወንድም ነው። ጉደታ ይባላል፤ እኛ ግን ኤሱማ ነው የምንለው። በእኛ አገር የእናት ወንድም ኤሱማ ነው፤ ቃሉ አይመለስም።

ሕክምናውን በኋላ እንደተረዳሁት ልንገራችሁ። አንጎል ውስጥ ውሃ የመሰለ ንጹሕ ፈሳሽ ዘወትር ይመነጫል። መተላለፊያው ሲዘጋ ይጠራቀምና አንጎሉን ይጫነዋል። ሐኪሙ የራስ ቅሉን በትንሹ ይበሳል፣ ቱቦ ያስገባል፣ ቱቦውን በቆዳ ሥር አሳልፎ ሆድ ውስጥ ያደርሰዋል። ፈሳሹ ወደ ላይ እንዳይመለስ ቫልቭ የሚባል ነገር አለው። ሻንት ይሉታል። ሻንት በሽታውን አያጠፋም። ፈሳሹን ያወርዳል፣ እስከሠራ ድረስ። ይህችን «እስከሠራ ድረስ» የምትለዋን የነገረን ሰው አልነበረም።

ኤሱማ ይዟት ሲመለስ ከአውቶቡሱ በእግሯ ወረደች። ብርጭቆውን አልሳተችም። በሚቀጥለው እሑድ ኤሱማ ቤተ ክርስቲያን በጉባኤው ፊት ቆሞ መሰከረ። «ፈይቴቲ» አለ፤ ድናለች ማለት ነው። ሰው ሁሉ አመሰገነ። እናቴ አለቀሰች። እኔም አመንኩ። ከዚያ ወዲህ ቤታችን ውስጥ ስለ ቶልቱ ሕመም ማንሣት ምስክርነቱን እንደ መካድ ሆነ።

ሸኝታኝ በሄድኩ በሦስተኛው ቀን፣ ረቡዕ፣ አንድ ጎረቤታችን ትምህርት ቤት ድረስ መጣ።

«ቶልቱን ትንሽ አሟታል። ና ብለውሃል።»

እንዲህ ባለው መልእክት «ትንሽ» ትንሽ ማለት አይደለም። ሁሉም ያውቃል። እኔም አውቃለሁ።

ከሰኞ ጀምሮ ስታስመልስ ነበር። ኤሱማ ወባ ነው ብሎ ክሎሮኪን ሰጥቷታል። እሱንም አስመልሳዋለች። ስጠራት ዓይኗን ገለጠች። ዓይኖቿ ወደ ታች ያያሉ። ቀና ማድረግ አልቻለችም። ስሜን አልጠራችም።

ኤሱማን ወደ ደጅ ወሰድኩት። «ሐኪሙ ምን ብሎዎት ነበር?»

ከኮቱ የውስጥ ኪስ አራት ላይ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። በእንግሊዝኛ ነው። ሐኪሙ በአማርኛም ነግሮታል፤ አልገባኝም ሊል አይችልም። እንዲህ ይላል፤ «ቱቦው ሊደፈን ይችላል። ራስ ምታት፣ ትውከት ወይም ከልክ ያለፈ እንቅልፍ ካለ በዚያው ቀን አምጧት።» «በዚያው ቀን» የሚለው ተሠምሮበታል።

«እናትህ ነፍሰ ጡር ነበረች» አለኝ። «እንዴት ብዬ ልንገራት? በኋላ ደግሞ በጉባኤ ፊት ድናለች ብዬ...» አልጨረሰውም።

«ለእኔስ?»

«ብነግርህ ለእናትህ ትነግራታለህ።»

ቡና ጭኖ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ትሬንታ ኳትሮ የጭነት መኪና አስቆምን። ቶልቱ ጭኔ ላይ ነበረች። ትንፋሿ ይቆምና ይመለሳል። አኖ ከተማ ደረስን። ትንፋሿ ቆመ። አልተመለሰም።

ሾፌሩ ሞተሩን አጠፋ። ጎጃሜ ነው፤ አያውቀንም። «አይዞህ ወንድሜ» አለኝ። ከነጭነቱ ዞሮ ጉቴ መለሰን። እሱንም አመሰግነዋለሁ።

እናቴ ከወለደች ገና ሁለተኛ ሳምንቷ ስለነበር አብራን አልመጣችም። ሽማግሌዎቹ ቶልቱን ጎረቤት ቤት አስገቧትና መከሩ።

«አራስ ናት፣ ወተቷ ይደርቃል» አሉ። «ነገ እኛው እንቅበራት። አዲስ አበባ ተኝታለች እንበላት፤ ስትበረታ እንነግራታለን።»

ኤሱማ በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። እናቴ እንዳታየው እዚያው ጎረቤት ቤት ቀረ። እኔን ወደ ቤት ላኩኝ።

«ሄዱ?» አለች እናቴ።

«አዎ። ከአኖ በአውቶቡስ ሄደዋል። እኔ ለትምህርቱ ተመለስኩ።»

ውሸቱ ምንም አልከበደኝም። የሚያስፈራኝ ይህ ነው። ኤሱማንም እንዲሁ አልከበደው ይሆናል። ይወዳት ነበር፤ ይህን አልክድም። ቢሆንም ከድቶናል።

ሻንት የገባለት ልጅ ያላችሁ፣ ሐኪሙ የሚላችሁን ቤት ላለ ሁሉ ንገሩ። እርጉዝም ትስማ፣ ልጁም ይስማ። ራሱን ሲያመው፣ ሲያስመልሰው፣ እንቅልፍ ሲበዛበት ወባ ነው፣ ፀሐይ ነው አትበሉ። ቱቦው ከተደፈነ ሌላ ይገባል። ቶሎ የደረሱ ይድናሉ። ጉባኤም ፊት ከቆማችሁ፣ ፈሳሹ ወረደላት፣ ሐኪምም ይከታተላታል በሉ። እግዚአብሔር በዚህ አይቀየምም።

በማግስቱ ጠዋት ሰዎቹ መቃብር ሊቆፍሩ ሲወጡ እናቴ ዘንድ ገባሁ። ሕፃኑን እያጠባች ነበር። እስክትጨርስ ቆየሁ። ከዚያ በኦሮምኛ ነገርኳት። ቶልቱ ሞታለች አልኩ። ትናንት ዋሽቼሻለሁ አልኩ። ከኤሱማ የተቀበልኩትን ወረቀት እየተረጎምኩ አነበብኩላት፤ የተሠመረበትን ሁለት ጊዜ።

አልጮኸችም።

«ጉደታ ያውቅ ነበር?»

«ያውቅ ነበር።»

«አንተስ?»

«ራሷን እንደሚያማት ነግራኝ ነበር። ፀሐይ ነው አልኳት።»

ሕፃኑን አስታቀፈችኝና መቀነቷን አጠበቀች።

«የት ነው ያስተኛችኋት?»

ሕፃኑን ይዤ ከፊቷ ሄድኩ። ኤሱማ ጎረቤታችን በር ላይ ቆሞ ነበር። እንዲያሳልፈን አልጠየቅኩትም። አልፌው በሩን ከፈትኩላት።