የእህቴ ግብጦና የእኔ ምላስ

ታናሽ እህቴ ግብጦን በመንግሥት ለማስጸደቅ ላይ ታች ባለችበት ዓመት እኔ በቅናት ከሳሁ። ሰው ሲጠይቀኝ ጨጓራ ነው እላለሁ። የትምህርት ቤት ባልደረቦቼ ተልባ ጠጪ፣ አብሽ ጠጪ እያሉ መከሩኝ። ሁለቱንም ጠጣሁ፤ ምንም አልረዳኝም።

ፍኖተ ሰላም ውስጥ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ አስተምራለሁ። እህቴን በአሥራ አራት ዓመት እበልጣታለሁ። እናታችን ስትሞት እሷ ገና አራተኛ ክፍል ነበረች። ፀጉሯን የሠራሁት፣ ደብተሯን የለበድኩት፣ ዩኒቨርሲቲ ስትገባ ሻንጣዋን መናኸሪያ ድረስ የተሸከምኩት እኔ ነኝ። እስከ ዛሬ አንቱ የምትለኝም ለዚህ ነው። የምግብ ሳይንስ ተምራ፣ አዲስ አበባ ጥቂት ዓመት ሠርታ ተመለሰችና ቡሬ ዳር ላይ አንድ የቆርቆሮ መጋዘን ይዛ የግብጦ ዱቄት ላመርት ነው አለች። በጾም ወራት በውኃ ተበጥብጦ እንደ ወተት የሚጠጣ ዱቄት ነው።

ግብጦን ለማያውቅ ሰው ልንገር። ሌላ እህል እንቢ ባለ መሬት ላይ የእኛ አገር ገበሬ የሚዘራው፣ ጠፍጠፍ ያለ ነጭ ፍሬ ነው። ጥሬው መራራ ነው፤ መምረር ብቻም አይደለም፣ ይጎዳል። ሳይለቅ የበላ ጎረምሳ ዓይኑ ተጭበርብሮበት ግድግዳ ይዞ ሲሄድ ልጅ ሆኜ አይቻለሁ። ስለዚህ ይቆላል፤ በጆንያ ሆኖ ወራጅ ወንዝ ውስጥ ድንጋይ ተጭኖበት አምስት ስድስት ቀን ይከርማል። መራራው ሲወጣለት «ለቋል» ይባላል። ከዚያ ይላጥና በጨው ይበላል። ጆንያውን ወንዝ ውስጥ ጥሎ መሄድ አያሰጋም፤ መራራ ማን ይሰርቃል?

በእኛ ቤት ጆንያው ከውኃ የሚወጣው በአንድ ሰው ቃል ነበር። እናታችን ወንዙ ዳር ቁጢጥ ትልና አንዲት ፍሬ ትነክሳለች፤ ዓይኗን ጨፍና ታቆያለች፤ ትተፋለች። ለቋል ካለች ለቋል፤ ይቀረዋል ካለች እንግዳ ቢመጣም ድግስ ቢደርስም አይወጣም። በሞተችበት ዓመት ፍሬዋን ለእኔ ሰጠችኝ። «ከእንግዲህ አንቺ ነሽ» አለች፤ ሌላ ነገር አልጨመረችም። ከእናቴ የወረስኩት ይኸንኑ ነው። እህቴ ትንሽ ልጅ ሆና «እኔም ልቅመስ» እያለች ታስቸግረኝ ነበር። «አንቺ ምላስሽ ገና ነው» እላታለሁ። ቁጭ ብላ አፍ አፌን ታያለች።

የማጽደቁ ነገር ሲጀመር ሳቄ መጥቶ ነበር። አዲስ አበባ ያለው የቁጥጥር መሥሪያ ቤት ግብጦ በዱቄት መልክ ታሽጎ ለገበያ ቀርቦ ስለማያውቅ ደረጃ አልወጣለትም፣ ስለዚህ እንደ አዲስ ምግብ ይታያል አላት። አዲስ! አያቶቻችን ያረጁበት ምግብ። እህቴ ግን አልሳቀችም። «ትክክል ናቸው እታለም» አለችኝ። «እኛ እፍኝ ነው የምንበላ። ዱቄቱን ሕፃን ልጅ በየቀኑ ቢጠጣውስ? ለውዝ የማይስማማውን ሰው ይኸም ቢያሳምመውስ? መራራው ምን ያህል እንደቀረ በቁጥር ማን ያውቃል?» እኔ ያላሰብኩትን ማሰቧ ራሱ አናደደኝ።

ሰማያዊ ማኅደር ገዛች። ከዚያች ቀን ጀምሮ ማኅደሩን እንደ ሰው ጠላሁት። የት እንደተዘራ፣ በምን ውኃ እንደተነከረ፣ ማን እንደሚበላው፣ ስንት ጊዜ እንደሚበላው፣ የታመመ ሰው እንዳለ፣ ሁሉም እየተጻፈ ይገባበታል። እኔ ሃያ ምናምን ዓመት የትምህርት ዕቅድ ጽፌ ርእሰ መምህሩ ሳያነብ ነው የሚፈርምልኝ። የእሷን ወረቀት ግን አዲስ አበባ የተቀመጡ ሰዎች መስመር በመስመር እያነበቡ ጥያቄ ይልኩላታል። በጥያቄው ስታማርር ቡጢ ያምረኝ ነበር። እኔን ማን ጠይቆኝ ያውቃል?

ምግቡ ከጥንት ጀምሮ ሲበላ እንደኖረ ማስረጃ አምጪ ሲሏት በየገጠሩ ሽማግሌና አሮጊት ልትጠይቅ ተነሣች፤ እኔም ትምህርት ተዘግቶ ነበርና ተከተልኳት። ደምበጫ ወረድን፤ ገበዝ ማርያም ወጣን። አንዲት እናት ደጃቸው ላይ አጎዛ አንጥፈው ተቀበሉን፤ ግብጦ ከመቼ ጀምሮ እንደሚበሉ ስትጠይቃቸው «ጥርስ ካበቀልሁ ነዋ፤ አሁን ጥርሱ ሄደ፣ ግብጦው ቀረ» አሉና አሳቁን። ከዚያ እህቴን እጇን ይዘው መረቁ። «የእናት አገርሽን እህል ከፍ ያደረግሽ፣ አንቺንም ከፍ ያድርግሽ» አሉ። አሜን አልን። ቀና ብለው እኔን አዩኝና፣ ጃንጥላና ቦርሳ ይዤ ነበር፣ «ይችስ፣ ሠራተኛሽ ናት?» አሏት።

እህቴ ደንግጣ «ኧረ እህቴ ናት! ታላቄ ናት!» አለች። ሴትዮዋ ይቅርታ ጠይቀው እኔንም መረቁ፤ ምርቃቱ ግን የእሷን ግማሽ አያህልም ነበር። ቃል በቃል ቆጥሬዋለሁ። ስንመለስ መኪና ውስጥ ስታወራኝ ጆሮዬን አሞኛል አልኳት።

የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል ይባላል፤ እኔ እንደዚያው ነበርኩ። ገበሬ ዘንድ ሄዳ የምትጠይቀውን ሁሉ እኔ አውቀዋለሁ። ስንት ቀን፣ በምን ያህል ውኃ፣ ቁላቱ ሲበዛ ምን እንደሚሆን፣ ከቡሬ መጥታ ቤቴ ስታድር እራት ላይ ትጠይቀኛለች፤ እነግራታለሁ፤ ትጽፋለች። በማግስቱ የእኔ ቃል በእሷ እጅ ጽሑፍ ማኅደሩ ውስጥ ይገባል። ስሜ የትም ያለ አልመሰለኝም። ልጠይቅ ደግሞ ኩራቴ አልፈቀደልኝም።

ባለሙያዎቹ ለጉብኝት ቡሬ ሲመጡ ምሳ የሠራሁት እኔ ነበርኩ። ነጭ ጋዋን ለብሰው ገቡ፣ በርሜሎቹን አዩ፣ የውኃውን ምንጭ ጠየቁ። ከብት የሚጠጣበት ወንዝ ውስጥ መንከር አይፈቀድም ስላሏት በርሜል ውስጥ በንጹሕ ውኃ ትነክራለች፤ ውኃውን ቀን ከሌት ትቀያይራለች። አንደኛው ባለሙያ «ይህን ሁሉ ከየት ተማርሽው?» አላት። ወጡን እያወጣሁ እጄ ቆመ። «ከእናቴ ቤት» አለች። ከእናቴ ቤት! እናቴ ስትሞት እሷ አራተኛ ክፍል ናት፤ ታዲያ እዚያ ቤት ውስጥ የነበረው ማን ነው? ወጡን አቀረብኩ፤ ጨው በዝቶበት ነበር፤ ማንም ምንም አላለም።

ምቀኛ አታሳጣኝ ብሎ የሚጸልይ አለ። እህቴ ሳትጸልይ ተሰጥቷታል፤ ያውም እቤቷ ውስጥ።

የናሙናው ቀን መጣ። ዱቄቱ በላብራቶሪ የሚመረመርበት፣ ሁሉም ነገር የሚወሰንበት ነው። መንገዱ አንድ ሰሞን ተከፍቶ ሌላ ሰሞን በሚዘጋበት ጊዜ ስለነበር፣ ተከፍቷል ሲባል ናሙናው በነገታው መሄድ ነበረበት። ዛሬ ካልለቀቀ ሌላ መኪና መቼ እንደሚገኝ አይታወቅም። እህቴ ከቡሬ ፍኖተ ሰላም ድረስ በሚኒባስ መጣች። የክፍሌን በር አንኳኩታ አስጠራችኝ። ተማሪዎቹ ድርሰት እየጻፉ ነበር። በረንዳው ላይ መሐረቧን ፈታችልኝ፤ አምስት ፍሬ ግብጦ ነበረበት።

«እስቲ ይቅመሱልኝ እታለም» አለች።

ነከስኩ። ዓይኔን ጨፈንኩ። መጀመሪያ ምንም የለውም፤ እንደ ባቄላ ነው። ግን ግብጦ ፊት ለፊት አይናገርም፤ ቆይቶ፣ ወደ ጉሮሮ ሲጠጋ ነው የሚናገረው። መጣ። መራራዋ ቀጭን ናት፣ ግን አለች። አንድ ቀን ይቀረዋል፤ ምናልባት አንድ ቀን ተኩል።

ዓይኔን ስከፍት ከፊቴ ቆማ፣ ልጅ ሆና እንደምታደርገው አፍ አፌን ታያለች። በዚያች ቅጽበት ያሰብኩትን ሳልደብቅ ልጻፈው። ማኅደሩ ትዝ አለኝ። «ሠራተኛሽ ናት?» ትዝ አለኝ። አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ አይሆንም ይበሏት አልኩ በልቤ።

«ለቋል» አልኳት።

መሐረቡ ላይ የቀሩትን ፍሬዎች አየች። «እርግጠኛ ነዎት?»

«ጠየቅሽኝ፣ መለስኩልሽ። ልጆች እየጠበቁኝ ነው።»

ጉንጬን ስማኝ ሮጣ ሄደች። ክፍል ገብቼ ድርሰት ሰበሰብኩ። የቀረውን ቀን ሙሉ አፌ ውስጥ ያ መራራ አልጠፋ አለኝ፤ ውኃ ጠጣሁ፣ ዳቦ በላሁ። እንዲያውም ጮህ ብዬ መሳቅ አበዛሁ፤ ምን ያለበት ዝላይ አይችልም የሚባለው እውነት ነው።

ከሁለት ወር በላይ ጠበቅን። አንዳንድ ቀን አምላኬ አሳልፍላት ብዬ እሳላለሁ፤ አንዳንድ ቀን ደግሞ እሷ ስትስቅ ሳይ ደግ አደረግሁ እላለሁ። ሁለቱንም ያልኩት እኔ ነኝ።

ደብዳቤው ሲመጣ እህቴ ቤቴ ነበረች። በስልኳ ላይ አነበበችው፤ ፊቷ ሲለዋወጥ አየሁ። ከዚያ ስልኩን ሰጠችኝና ወደ ጓሮ ወጣች። በዱቄቱ ውስጥ የተገኘው መራራ ንጥረ ነገር ከሚፈቀደው በላይ ስለሆነ ምርቱ ለጊዜው አይጸድቅም ይላል። ወረድ ብዬ ሳነብ ሁለተኛ ነጥብ አለው። ቃሉን እንዳለ ባላስታውሰውም፣ አመልካቿ በሥራ ሂደቱ የመጨረሻ ደረጃ ላይ ያስቀመጠችው «በታላቅ እህቴ ምላስ ይረጋገጣል» የሚለው መቆጣጠሪያ አስተማማኝ ሆኖ ስላልተገኘ በላብራቶሪ ምርመራ ይተካ የሚል ነበር።

ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ማኅደሩ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ያን ሁሉ ወር ከፍቼው አላውቅም ነበር፤ ከፈትኩት። የመጨረሻው ደረጃ የሚለው ገጽ ላይ ሙሉ ስሜ ከነአባቴ ሰፍሯል። ከእናታችን እንደተረከብኩት፣ ስንት ዓመት እንደቀመስኩ፣ እኔ ቃል ሳልሰጥ አንድ በርሜል ከውኃ እንደማይወጣ ተጽፏል። ሌላውን ሁሉ በሳይንስ ቋንቋ ነው የጻፈችው። ያንን ገጽ ብቻ እኔ ባስተማርኳት አማርኛ ጽፋዋለች፤ አንድም የሚታረም የለውም።

እንዲጻፍልኝ የቀናሁበት ነገር ተጽፎ ነበር። እኔው ነኝ ያሰረዝኩት።

እህቴ ተስፋ አልቆረጠችም። የላብራቶሪ መሣሪያ ያለው ኮሌጅ ፈልጋ ተስማማች፤ ከየበርሜሉ ናሙና እየተላከ ውጤት ሳይመጣ ምንም አይወጣም። እንደገና አመለከተች፤ እንደገና ጠየቋት፤ መለሰች። ከስንት ወር በኋላ ጸደቀላት። ማሸጊያው ላይ ለውዝ ለማይስማማው ሰው ማስጠንቀቂያ እንኳ አለበት። በዚያ ጊዜ ሁሉ አንዲት ፍሬ በመሐረብ ይዛ ወደ እኔ አልመጣችም። አልተቆጣችም፤ አንቱ ማለቷንም አልተወችም።

ባለፈው የፍልሰታ ጾም ቡሬ ሄድኩ። ሠራተኞቹ በርሜሎቹ መካከል ይሯሯጣሉ። ከአንዱ በርሜል አንዲት ፍሬ አወጣሁና ነከስኩ። ዓይኔን ጨፈንኩ፤ ጠበቅኩ፤ እስከ ጉሮሮዬ ምንም የለም። «ለቋል» አልኩ፤ ድምፄ ጎላ ብሎ ነበር። ሰሌዳ ይዛ የምትጽፍ ወጣት ቀና ብላ በትሕትና «ውጤቱ ነገ ነው የሚመጣው እትዬ» አለችኝ።

እህቴ ከኋላዬ ቆማ ሰምታለች። መጋዘኑ ደጅ ላይ ባለው አግዳሚ ተቀመጥን። ዛሬ ልንገራት ብዬ ወሰንኩ። «ያን ጊዜ፣ በረንዳው ላይ...» ብዬ ጀመርኩ።

«እኔም እኮ ቀምሼው ነበር» አለችኝ።

ዞር ብዬ አየኋት።

«ወደ እርስዎ ስመጣ ሚኒባሱ ውስጥ ቀመስኩት። መረረኝ። አንድ ቀን ይቀረዋል ብዬ ነበር። ከዚያ እርስዎ ለቋል ሲሉኝ... » ሳቅ አለች፤ ማሾፍ አልነበረበትም። «ልጅ ሆኜ ምላስሽ ገና ነው ይሉኝ አልነበር? ዛሬም ገና ነው ማለት ነው አልኩ።»

ከውስጥ ጠሯትና ተነሥታ ገባች።