አካፋ የያዘው ሰውዬ

ቶርኪልን ሰው የሚባል ነገር ያስጠላው ጦር ሜዳ አይደለም። አገሩ ገብቶ፣ የደንብ ልብሱን አውልቆ፣ የተማሪዎች አውቶቡስ መንዳት ከጀመረ በኋላ ነው። ሄልማንድ ጦር ግንባር አልሞ ተኳሽ ሳለ የሚጠላው ሙቀቱንና ዝንቡን ነበር። እዚህ ፊን ደሴት ላይ ግን፣ የጎረቤት አጥር ሁለት ጣት ረዘመ ብለው የሚካሰሱ ጎልማሶች ቢራቸውን ይዘው እየተጠጉ ያንኑ ጥያቄ ይጠይቁታል።

«በሞቴ፣ ስንት ጣልክ?» ይለዋል ሥጋ ሻጩ ቬርነር፣ በየሳምንቱ ሳይታክት።

«አንተስ ስንት አሳማ አረድክ?»

«ኧረ ተው! የኔማ ሥራ ነው።»

«የኔም ሥራ ነበር።»

ባልዋሉበት ጦርነት መፎከር ምን ያቅታል! ቶርኪል ቢራውን ሳይጨርስ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ቤቱም አላረፈለትም። ልጁ ቲልዳ አሥራ ስምንት ዓመት ሞልቷት፣ በፈቃዷ ወታደር ልትሆን ቅጹን ሞልታ ጨርሳለች። የቀራት ፊርማ ብቻ ነው። የምታስገባው ከመኸሩ ግብዣ በኋላ፣ ሰኞ ነው።

«ከልክላት እንጂ! አባቷ አይደለህም?» ትለዋለች ሚስቱ።

«ብከለክላት ነገ ጠዋት ትፈርማለች። ልጅሽን አታውቂያትም?»

ያየውን ለቲልዳ ሊነግራት አስቦ ያውቃል። ግን የሱ ወሬ ሁሉ አፉ ላይ ሲደርስ ጀብዱ ይመስላል፤ ያ ነው የሚያስጠላው።

የሚስቱ አባት፣ ሽማግሌው ፕሬበን፣ የከተማው ተኳሾች ማኅበር ሊቀመንበር ናቸው። ማኅበሩ በየበጋው የእንጨት ወፍ ረጅም ምሰሶ ላይ ሰቅሎ በየተራ ይተኩስባታል። መጀመሪያ ክንፏ፣ ቀጥሎ ጭራዋ ይወርዳል። ደረቷን የጣለ የዓመቱ ንጉሥ ይባላል፤ ከሕይወቱ አንድ ነገር ክብ ሰሌዳ ላይ ተሥሎ ስሙ ከሥር ይጻፍና አዳራሹ ውስጥ ለሁልጊዜ ይሰቀላል። ቶርኪል አሥር ዓመት ሙሉ እምቢ ብሎ ኖሯል። ዘንድሮ ቲልዳ ያዘችው።

«አባዬ፣ አንዴ ብቻ ስትተኩስ ልይህ።»

ዒላማውን ሊስት ቆርጦ ሄደ። ምን ያደርጋል! ጠመንጃው ትከሻውን ሲነካው ትንፋሹ በራሱ ጊዜ ቆመ፣ ጣቱም አላማከረውም። የወፏ ደረት ተሰንጥቆ ወረደ። ሰዉ ጮኸ፣ ቲልዳ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። ቶርኪል ጠመንጃውን አስረክቦ ከድንኳኑ ጀርባ ሄደ።

«ሥዕልህን አዝዤልሃለሁ፣ ልጄ» አሉት ፕሬበን። «ተራራ ላይ ተኝተህ፣ ከነጠመንጃህ!»

«እሺ አባባ» አለ። በማግስቱ ግን ብቻውን ሠዓሊዋ ቤት ሄደ።

በመኸሩ ግብዣ ሄሪንግ ዓሣው ተበላ፣ ስናፕስ አረቄው ተቀዳ፣ ቬርነር እንደ ልማዱ ፊቱ ቀላ። ፕሬበን ብርጭቋቸውን ከፍ አድርገው የሰሌዳውን ጨርቅ ገለጡት።

ሥዕሉ ላይ ተራራም ጠመንጃም የለም። አንድ ጢማም ገበሬ አካፋውን ይዞ ከውሃ ቦይ ዳር ቆሟል። ከኋላው አንዲት ትንሽ ልጅ ማንቆርቆሪያ ይዛ ትመጣለች። ከሥር «ቶርኪል፣ ንጉሥ» ይላል።

«ምንድነው ይሄ?» አሉ ፕሬበን። «አንተ የታለህ?»

«አሁን እናንተ ያላችሁበት ነኝ አባባ። በጠመንጃዬ መነጽር ከዚህ ነው የማየው።»

ቲልዳ ከወንበሯ ተነሳች። «ሰውየው ማነው አባዬ?»

«ስሙን አላውቅም። አራት ቀን ሙሉ ጠዋት ጠዋት አየሁት። ፈንጂ ይቀብራል አሉኝ። በአምስተኛው ቀን መታሁት።» ድምፁ አልተንቀጠቀጠም፤ እንደዚያ ተናግሮ አያውቅም። «ሲወድቅ ቦዩ ተከፈተና ውሃው ወደ ማሳው ገባ። ለካ ውሃ ሊያጠጣ ኖሯል።»

«ልጅቷስ?»

«ሻይ ይዛለት መጣች።»

ማንም ሹካ አላነሳም። ፕሬበን ብርጭቋቸውን የት እንደሚያስቀምጡት ጠፋቸው። ቶርኪል አሁንስ ገባቸው ብሎ አሰበ፤ እሱም እንደ ሰው ለአፍታ ተስፋ አደረገ።

ቬርነር አፉን በናፕኪን ጠረገና ወደ ሥዕሉ ዘንበል አለ።

«ይቅርታ፣ ግን ከስንት ሜትር ነው?»

ቲልዳ ዞር ብላ አየችው። ቅጹን ከጃኬቷ ኪስ አወጣች። ፊርማ ያልነካውን ወረቀት ሄሪንጉ አጠገብ፣ ቬርነር ፊት ዘረጋችው።

«እንካ» አለችው፤ «አንተ ፈርም።»